ቅጠል እንጂ አበባ የማይሰጥ ቫኒላ፦ ሐረጉን ወደ አበባ የማምጣት ዘዴ
(ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ)

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ቫኒላ በጓሯቸው ወይም በቡና ጥላ ዛፍ ሥር ተክለው አበባ ላጡ ነው። ስለ አተካከሉ ብዙ አንናገርም። የዛሬው ጉዳይ አንድ ነው፦ ሐረጉ ለምልሟል፣ ዛፉን ወጥቷል፣ ሦስትና አራት ዓመት አልፏል፤ አበባ ግን የለም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሐረጉን ነቅሎ ይጥላል። እኛ የምንለው፣ ከመንቀል በፊት አንድ በጋ ታገሱ፤ በዚያ አንድ በጋ ውስጥ ግን ዝም ብላችሁ አትቀመጡ ነው።

ቫኒላ ከኦርኪድ ቤተሰብ ነው። በጫካችን ውስጥ በትላልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ሥራቸውን ለጥፈው፣ አፈር ሳይነኩ የሚያድጉትን ወፍራም ቅጠል ያላቸውን ዕፅዋት ታውቋቸዋላችሁ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ የቫኒላ ዘመዶች ናቸው። በከተማ ሰዎች በመስኮት አጠገብ በማሰሮ የሚያሳድጉት ኦርኪድም እንዲሁ ዘመድ ነው። እነዚያ ሰዎችም የእናንተኑ ዓይነት ስሞታ ያሰማሉ፦ ቅጠሉ ያምራል፣ አበባ ግን እምቢ አለ። ለዚህም ምክንያት አለው። ከዚህ ቤተሰብ ብዙዎቹ ውሃው፣ ጥላውና ምግቡ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሲመቻቸው ቅጠልና ሥር ማውጣት ይመርጣሉ። ወደ አበባ የሚዞሩት የወቅት ለውጥ ሲሰማቸው ነው፤ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል፣ ዝናቡ ሲቆም፣ ዕድገታቸው ሲገታ። ቡናም ከበጋው ድርቀት በኋላ በመጀመሪያው ዝናብ ነጭ ሆኖ ሲያብብ የምታዩት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጠባይ ስላለው ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእናንተ እንግዳ አይደለም።

የአንድ ማሳ ታሪክ

ከዓመታት በፊት በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት በምሠራበት ቀበሌ አንድ አዛውንት አርሶ አደር ነበሩ። አርባ የሚሆን የቫኒላ ቁራጭ በቡና ጥላ ዛፎቻቸው ሥር ተክለዋል። ችግኙ ጸደቀ። በሁለተኛው ዓመት ሐረጉ ከሰው ቁመት አለፈ፤ በሦስተኛው ዓመት ከዛፉ ሹካ ደረሰ። አበባ ግን አልታየም። በአራተኛው ዓመት ጠርተው፣ «ልጄ፣ ይህ ሐረግ ቅጠሉን ለማን ነው የሚያሳየው? ቁንዶ በርበሬ ተክዬበት ቢሆን እስካሁን ሸጬ ነበር» አሉኝ።

እኔም የመሰለኝን መከርኩ። «አባቴ፣ ምግብ አንሶት ይሆናል። ፍግ ይጨምሩበት፤ በበጋውም ውሃ ያጠጡት» አልኳቸው። እሳቸውም እንዳልኩት አደረጉ። ታህሳስንና ጥርን ሙሉ ከወንዝ በጀሪካን ውሃ እያስመላለሱ አጠጡ። ውጤቱ ምን ሆነ? ቅጠሉ ጠቆረ፣ ወፈረ፣ ሐረጉ አንድ ክንድ ጨመረ፤ አንድ እምቡጥ እንኳ አልወጣም። የሳቸው የሁለት ወር ልፋት በእኔ ምክር ባከነ። ይህንን የምጽፈው እናንተም እኔ የሰጠሁትን ዓይነት ምክር ከጎረቤት ልትሰሙ ስለምትችሉ ነው።

ትምህርቱ የመጣው ከንፋስ ነው። በክረምቱ አንድ የጥላ ዛፍ ቅርንጫፍ ተሰብሮ፣ ከላይ የነበረውን ሐረግ ይዞት ወረደ። ሐረጉ አልተበጠሰም፤ ጫፉ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ ተንጠለጠለ። አዛውንቱ በዚያ ዓመት ተስፋ ስለቆረጡ ውሃም ፍግም አላሉም፤ ሐረጉንም መልሰው አልሰቀሉትም። በጋው አልፎ ዝናቡ ሊገባ ሲል ከአርባው ሐረግ ያንን አንዱን ብቻ፣ የተዘቀዘቀውን ክፍሉን ብቻ፣ እምቡጥ ሞላው። ባለቤታቸው ናቸው ያዩት። እኔንም ጠርተው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሌላም ነገር ጨምረው ነገሩኝ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በአንዳንዱ ዛፍ ሥር የረገፈ፣ የጠወለገ፣ ቢጫ አረንጓዴ አበባ ሲጠርጉ ነበር፤ የሌላ ዛፍ አበባ መስሏቸው ነው እንጂ። ለካ ከሐረጎቹ አንዳንዶቹ ማንም በማያይበት ከላይ አብበው፣ ማንም ሳያዳቅላቸው ረግፈው ኖሯል።

ከዚህ ታሪክ የምንወስዳቸው ነገሮች አሉ፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ መመልከት

አላበበም የሚባል ሐረግ ሁሉ ያላበበ አይደለም። የቫኒላ አበባ ጎልቶ አይታይም፤ ቀለሙ ከቅጠሉ ብዙም አይለይም። የሚከፈተውም ማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል። ስለዚህ ሐረጉ ከእጃችሁ በላይ ከወጣ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ በየጠዋቱ ከዛፉ ሥር የረገፈ አበባ መኖሩን አይታችሁ አረጋግጡ። ካለ፣ የእናንተ ችግር አበባ ማጣት ሳይሆን ቁመት ነው። መፍትሔውም ሐረጉን ማውረድ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዕድሜውንና ውፍረቱን ተመልከቱ። ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከሚደርስ ቁራጭ የተተከለ ቫኒላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት አበባ ይሰጣል። የስንዝርና የክንድ ቁራጭ ከተከላችሁ ግን አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ብቻ ታገሱት። ግንዱ ከትንሽ ጣት የቀጠነ ሐረግ አበባ ስጥ ቢባል አቅም የለውም። በግድ ቢያብብም ፍሬውን መሸከም አይችልም።

ከዚያ ሥሩን ተመልከቱ። ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጋችሁ ላይ ላዩን የሚሄደውን ሥር እዩ። ነጣ ያለና ጠንካራ ከሆነ ጤነኛ ነው። ቡናማ ሆኖ ሲነካ የሚላጥ፣ የሚሸት፣ የበሰበሰ ከሆነ የሥር አበስብስ በሽታ ገብቶበታል። እንዲህ ያለው ሐረግ አንዳንድ ጊዜ ሳይታሰብ ብዙ አበባ ያወጣል፤ ብዙ ሰው ደስ ይለዋል። ደስ አይበላችሁ፤ ሊሞት ያለ ተክል የመጨረሻ ዘሩን እንደመስጠት ነው። ከጤነኛው የላይኛው ክፍል ቁራጭ ወስዳችሁ በሌላ ቦታ፣ ውሃ በማይቋጥር አፈር ላይ ትከሉ፤ የታመመውን ከማሳው አውጥታችሁ አቃጥሉ። በታመመው ላይ የተጠቀማችሁበትን ቢላዋም ሳታጸዱ ጤነኛውን አትንኩበት።

ቦታውንም መዘንጋት አያስፈልግም። ቫኒላ ሞቃትና እርጥበት ያለው አየር ይፈልጋል፤ እንደ ቴፒ ዙሪያ ያለው ዝቅተኛ ቦታ ይስማማዋል። ብርድ በሚበዛበት ደጋ የተተከለ ሐረግ ቢታጠፍም ቢገረዝም ብዙ አይጠቅምም፤ በዚያ ቦታ ጉልበታችሁን ለሌላ ሰብል አውሉት።

ሐረጉን ማጠፍ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ቫኒላ ወደ ላይ መውጫ እስካገኘ ድረስ ይወጣል። ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ሁሉ ጫፉን ለማስረዘም ይውላል። ጫፉ ወደ ታች ሲዘቀዘቅ ግን ዕድገቱ ይቀንሳል፤ ምግቡም ከመታጠፊያው በኋላ ባለው ክፍል ይጠራቀማል። እምቡጥ የሚወጣው በአብዛኛው በዚህ በተንጠለጠለው ክፍል፣ በቅጠሎቹ ብብት ነው። የንፋሱ ቅርንጫፍ ያስተማረን ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሐረጉ ከዛፉ ሹካ ሳይደርስ፣ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ባለ ቅርንጫፍ ላይ እንዲታጠፍ አድርጉ። ቁመቱን የሚወስነው የሚያዳቅለው ሰው እጅ ነው፤ በቤታችሁ ይህን ሥራ የምትሠራው ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ ከሆኑ በእነሱ ቁመት ለኩ። ደጋፊ ዛፉ ቆርች ወይም ግሊሪሲዲያ ከሆነ ገና ልጅ ሳለ ከላይ ቆርጣችሁ ወደ ጎን እንዲቀረንፍ ብታደርጉት ሐረጉን የምትሰቅሉበት ክንድ ይበዛላችኋል። አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ብቻ ካለ፣ በሁለት ዛፎች መካከል አግድም እንጨት አሥራችሁ መጠቀም ይቻላል።

አስቀድሞ ላይ የወጣውን ሐረግ ለማውረድ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በጠዋት አትንኩት፤ ሌሊት ውሃ ስለጠጣ ጠንካራና ተሰባሪ ነው። ዝናብ ከቆመ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ትንሽ ሲለዝብ ጀምሩ። የሐረጉን የአየር ሥሮች ከዛፉ ቅርፊት ቀስ ብላችሁ በጣት እያላቀቃችሁ ከላይ ወደ ታች ውረዱ። ጎትታችሁ አታውርዱት። መታጠፊያው ላይ ጎበጥ ብሎ ሰፊ ቅስት ይሥራ እንጂ እንደ ወረቀት አይታጠፍ። ማሰር ካስፈለገ የእንሰት ቃጫ ወይም የሙዝ ግንድ ልጥ ተጠቀሙ፤ ሽቦና ቀጭን ላስቲክ ገመድ ግንዱን ይቆርጠዋል።

የተንጠለጠለው ክፍል በጣም ከረዘመ ጫፉ መሬት ይነካል። ይህ ችግር አይደለም፣ እንዲያውም ጥቅም አለው። አንድ ሁለት አንጓ ያህል በጉዝጓዝ ሸፍኑለት፤ እዚያ ላይ ሥር ያወጣል። ከዚያ የቀጠለውን አዲስ ጫፍ እንደገና ወደ ዛፉ መልሱት። በዚህ መንገድ አንዱ ሐረግ ከአንድ በላይ ሥር ይኖረዋል፤ የድሮው ሥር ቢታመም አይሞትም። ስለዚህ ሁሉንም ሐረግ አበባ ስጥ አትበሉት፤ አንዱ ክፍል ለዘንድሮ አበባ ሲንጠለጠል፣ ሌላው ክፍል ለሚቀጥለው ዓመት ወደ ላይ ማደጉን ይቀጥል። አንድ ጊዜ አብቦ ፍሬ የሰጠ አንጓ ዳግም አያብብም። ዘንድሮ ያልታሰበበት አዲስ ሐረግ ከሌለ ለከርሞ አበባ የለም።

ጫፍ መቁረጥና የበጋ ዕረፍት

በእኛ አካባቢ ዝናቡ ህዳር ላይ ይቀንሳል፤ ታህሳስና ጥር ደረቅ ናቸው፤ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ ዝናቡ ይመለሳል። ይህ ለቫኒላ የተሠራ ቀን መቁጠሪያ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ግን በጋውን ይፈራዋል።

ህዳር ማለቂያ ወይም ታህሳስ መግቢያ ላይ፣ ለአበባ የተንጠለጠለውን የእያንዳንዱን ሐረግ ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። በተሳለና በጸዳ ቢላዋ ይሁን። ጫፉ ሲቆረጥ ሐረጉ የሚረዝምበት መንገድ ይዘጋበታል። ይህ ጊዜ ከቡና ለቀማ ጋር እንደሚጋጭ እናውቃለን፤ ብዙዎቻችሁም «ከቡናው በኋላ» ትላላችሁ። ቡናው እስኪያልቅ ግን ግማሹ በጋ ያልፋል። አርባ ሐረግ ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል፤ ያንን አንድ ከሰዓት ከለቀማው አስተርፉ።

ከዚያ በኋላ ውሃ አታጠጡ። ፍግም ኮምፖስትም አትጨምሩ። ሥሩን የሚሸፍነውን ጉዝጓዝ ግን አታንሱ፤ የቫኒላ ሥር ላይ ላዩን ስለሚሄድ ፀሐይ ከነካው ይሞታል። የምንፈልገው ሐረጉ እንዲጠማ ነው እንጂ እንዲቃጠል አይደለም። ልዩነቱን በቅጠሉ ታውቁታላችሁ። ቅጠሉ ትንሽ ቀጠን ካለ፣ ግንዱ ላይ በረጅሙ ስስ መስመር ከታየ መልካም ነው፤ ዕረፍቱን እያረፈ ነው። ቅጠሉ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ወይም ግንዱ ተጨማዶ ከጎበጠ ግን ከመጠን አልፏል፤ በዚያን ጊዜ በጉዝጓዙ ላይ ጥቂት ውሃ ስጡት። ደረቁ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ነው። በዚህ መካከል ድንገት አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ቢጥል ተስፋ አትቁረጡ፤ ሁለት ሳምንት የሚዘልቅ ዝናብ ከመጣ ግን አበባው ሊያንስ ይችላል፤ ለዚህ የሚደረግ ነገር የለም።

ጥላና ምግብ

በጥላ ጉዳይ ላይ ብዙ አንዘገይም፤ ቡና አልሚ ሁሉ ስለ ጥላ ያውቃል። ልዩነቱ፣ ቫኒላ ከቡናው ጥቅጥቅ ጥላ ይልቅ ግማሽ ብርሃን መፈለጉ ነው። ቀኑ እኩል በሆነ ጊዜ ከዛፉ ሥር ቆማችሁ መሬቱን እዩ፦ የፀሐይ ነጥብና ጥላ እኩል ከሆኑ በቂ ነው። ጥላው መሬቱን ሙሉ ከሸፈነ ቅጠል እንጂ አበባ አይጠበቅም። በጋ መግቢያ ላይ የላይኛውን ቅርንጫፍ ቀለል አድርጉ፤ ግን በአንድ ቀን ሁሉንም አትክፈቱት። በጥላ የኖረ ቅጠል ድንገት ፀሐይ ሲመታው ነጭ ጠባሳ ያወጣል።

ምግቡ ከጉዝጓዝና ከበሰለ ኮምፖስት ይበቃዋል። ጊዜው ክረምቱ ነው፤ ከግንቦት እስከ መስከረም። ትኩስ ፍግና ዩሪያ ለዚህ ተክል አንመክርም። ሁለቱም ቅጠል ያበዛሉ፤ ትኩስ ፍግ ደግሞ ሥሩን ያቃጥላል። ለአዛውንቱ የሰጠሁት ምክር የተሳሳተው በዚህም በኩል ነበር።

እምቡጡ ሲታይ

የካቲት ላይ የተንጠለጠለውን ክፍል በየሳምንቱ እያንዳንዱን የቅጠል ብብት እያያችሁ ሂዱ። ሁለት ዓይነት ቡቃያ ታያላችሁ። አንዱ ሹል ነው፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ትንሽ ቅጠል ያወጣል። ይህ አዲስ ቅርንጫፍ ነው። ሌላው ወፈር ያለ፣ ተደራራቢ ትናንሽ ቅርፊት ያለው ነው፤ ይህ የአበባ ዘለላ ነው። በአንድ ዘለላ ላይ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 የሚሆን አበባ ይኖራል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ዘለላው ከታየ በኋላ የመጀመሪያው አበባ እስኪከፈት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ሐረጉን አታንቀሳቅሱት፤ ማጠፍ ያለባችሁ ከዚህ በፊት ነበር። ውሃ መስጠት ግን አሁን ይቻላል፤ ዝናቡም እየመጣ ነው።

ማዳቀል

እስካሁን የደከማችሁበት ሁሉ በዚህ ጠዋት ይወሰናል። በአንድ ዘለላ ላይ በየቀኑ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ወይም ሦስት አበባ ይከፈታል። የተከፈተው ማለዳ ተከፍቶ በዚያው ቀን ያበቃል። የቫኒላ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። እዚያ የሚያዳቅሉት ነፍሳት እዚህ ስለሌሉ፣ በእጃችሁ ካላዳቀላችሁት ፍሬ አይዝም ማለት ነው። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ሬዩኒዮን በምትባለው የህንድ ውቅያኖስ ደሴት ቫኒላ ተተክሎ ሐረጉ ያለ ፍሬ ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ኤድሞንድ አልቢዩስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ፣ በባርነት የሚኖር ልጅ፣ በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ ማዳቀልን አገኘ። ዛሬም ማዳጋስካርን ጨምሮ በዓለም ላይ የሚሠራው የእሱ ዘዴ ነው። ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ያገኘውን ነገር እኛም በአንድ ጠዋት እንማረዋለን።

አበባውን በግራ እጃችሁ ያዙ። ከአበባው ክፍሎች አንዱ እንደ ጥሩንባ የተጠቀለለ ነው፤ ከንፈር ይባላል። ከንፈሩን በስንጥር ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች ቅደዱት ወይም ግፉት። ውስጡ ዘንግ ይታያችኋል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ቢጫ ብናኝ አለ፤ ያ ወንዴው ነው። ከሥሩ የሚያጣብቅ ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ያ ሴቴው ነው። በሁለቱ መካከል እንደ ምላስ ያለ ስስ ክዳን ተጋርዷል፤ አበባው ራሱን በራሱ እንዳያዳቅል የሚከለክለው ይህ ክዳን ነው። ክዳኑን በስንጥሩ ወደ ላይ አንሱት። በቀኝ ወይም በግራ አውራ ጣት ብናኙን ወደ ታች ገፋ አድርጋችሁ ከሚያጣብቀው ቦታ ላይ አስነኩት። ስንጥሩን ከሥር አውጡ። አለቀ።

ስንጥሩ ከቀርከሃ ወይም ከማንኛውም ለስላሳ እንጨት ተጠርቦ እንደ ጥርስ መፋቂያ የቀጠነ፣ ጫፉ ግን ያልሾለ ይሁን። ሥራው ከማለዳው 12 ሰዓት ተጀምሮ እስከ ጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ቢያልቅ መልካም ነው። እየሞቀ ሲሄድ አበባው ይጠወልጋል፤ ብናኙም አይያዝም። ዝናብ ሲዘንብ ለመሥራት አትሞክሩ፤ ሲያባራ ውሃውን አራግፉና ቀጥሉ። የለመደ ሰው በአንድ ቀን ከ1,000 አበባ በላይ ያዳቅላል። እናንተ በመጀመሪያው ሳምንት መቶ ብታዳቅሉ በቂ ነው።

አንድ ነገር አጥብቀን እንጠይቃለን። አበባው በሚከፈትበት ወር ማን በየጠዋቱ እንደሚሄድ ቤተሰቡ ቀድሞ ይስማማ። አበባው የገበያ ቀንን፣ የበዓል ቀንን፣ የለቅሶ ቀንን አያውቅም። አንድ ሰው ብቻ የተማረ ከሆነ እሱ በቀረበት ጠዋት የዚያ ቀን አበባ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው ይማር። ይህ ሥራ ጉልበት ሳይሆን ለስላሳ እጅና ትዕግሥት የሚፈልግ ስለሆነ እማወራዎችና ወጣቶች ፈጥነው ይለምዱታል፤ የሚገኘው ገንዘብም ሲመጣ የሠሩት እንዲያውቁት ይሁን። ልጆችን በማለዳ ማሳተፍ ይቻላል፤ ከትምህርት ቤት ማስቀረት ግን አይቻልም።

የተዳቀለ አበባ መያዙን በሁለት ሦስት ቀን ታውቃላችሁ። ካልያዘ ይረግፋል። ከያዘ አበባው ጠውልጎ እንኳ እዚያው ይቆያል፤ ከኋላው ያለው አረንጓዴ ክፍልም መርዘም ይጀምራል።

ስንት ፍሬ ይበቃል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለአራት ዓመት አበባ ያጣ ሰው አበባ ሲያይ ሁሉንም ያዳቅላል። በአንድ ዘለላ ከ8 እስከ 10 አበባ ብቻ አዳቅሉ፤ ከዘለላው በታች በኩል የሚያድሩትን ምረጡ፣ ፍሬው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ። የቀረውን እምቡጥ ቆንጥጣችሁ ጣሉ። በአንድ ሐረግ ላይም ከ10 ወይም ከ12 ዘለላ በላይ አትተዉ፤ ደካማ ከሆነ ከዚያም በጣም ያነሰ። ከመጠን በላይ የጫነ ሐረግ ፍሬው ያጥራል፣ በሚቀጥለው ዓመት አያብብም፣ አንዳንዴም ታሞ ይሞታል። አዛውንቱ ያቺን አንዷን ሐረግ ሁሉንም እናዳቅላት ሲሉ፣ ባለቤታቸው «አንዲት ላም አሥር ጥጃ ታጠባለች?» ብለው ከለከሉ። ትክክል ነበሩ። ሐረጓ በሚቀጥለው ዓመትም ሰጠች፤ የቀሩት ሠላሳ ዘጠኙም በዚያው በጋ ታጠፉ።

ፍሬው በስድስት ሳምንት ገደማ ሙሉ ርዝመቱን ያገኛል። ይህ ግን ደርሷል ማለት አይደለም። የሚበስለው ከ8 እስከ 9 ወር ሲሞላው፣ ጫፉ ወደ ቢጫ ሲያደላ ነው። ከዚያ በፊት የተቆረጠ ፍሬ ሽታ አያወጣም፤ ሌባ ፈርታችሁ ቀድማችሁ ብትቆርጡ ገዢው ያውቀዋል። በተዳቀለበት ወር ልክ በየዘለላው ላይ ባለ ቀለም ክር ብታስሩ የትኛው መቼ እንደሚደርስ አይጠፋችሁም። አረንጓዴው ፍሬ የቫኒላ ሽታ የለውም፤ ሽታውን የሚያገኘው በሙቅ ውሃ ተነክሮ፣ ፀሐይ እየሞቀና እየታፈነ ለወራት ሲታሰብለት ነው። አንድ ኪሎ የተዘጋጀ ቫኒላ ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ አረንጓዴ ፍሬ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ስልጠና ይፈልጋል፤ ለዛሬ እንለፈው።

ስለ ዋጋው ግን ሳንናገር ብናልፍ አግባብ አይሆንም። የቫኒላ የዓለም ገበያ በጣም ይዋዥቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አካባቢ በማዳጋስካር ምክንያት አንድ ኪሎ እስከ 600 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ወርዷል። ቫኒላን ከቡናውና ከኮረሪማው ጎን ተክሉት፤ በቡናው ቦታ አይደለም።

የመስክ ልምምድ

ከዚህ ስልጠና ስትመለሱ በማሳችሁ ካሉት ሐረጎች አምስት ብቻ ምረጡ። ከጣት የወፈሩ፣ ሥራቸው ጤነኛ የሆኑ ይሁኑ። ሦስቱን በዚህ ጽሑፍ መሠረት አጥፋችሁ አንጠልጥሏቸው፤ ሁለቱን እንደነበሩ ተዉአቸው። ህዳር ማለቂያ ላይ የሦስቱን ጫፍ ቁረጡ፤ ቀኑን በቤታችሁ ግድግዳ ወይም በልጆቻችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። የካቲት ላይ ከአምስቱ በየትኛው ላይ ስንት ዘለላ እንደታየ ቁጠሩ። ልማት ጣቢያ ሠራተኛው በመጋቢት ወር ሲመጣ ቁጥሩንና የጠራችሁትን ስንጥር አሳዩት፤ የመጀመሪያውን አበባ ከእናንተ ጋር እንዲያዳቅል፣ ከአንድ ቀን በፊት ሳይሆን አበባው በሚከፈትበት ጠዋት በማለዳ እንዲደርስ ቀድማችሁ ደውሉለት።